ያልተቆጠሩት የማክሰኞ ተማሪዎች

አራሚው በዚህ ምድር ላይ «እሺ»ን ያህል የሚጠላው ቃል አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ጋዜጣ ቤት ቁጭ ብሎ የሰውን ስህተት በቀይ እስክሪብቶ ሲለቅም ኖሮ ጡረታ ወጣ፤ በዓመቱ ሚስቱ ሞተች። ሚስቱ ደግሞ የተባለችውን ዝም ብላ የምትቀበል ሴት አልነበረችም። ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ፣ ብርጭቆ ውስጥ ስኳሩ ይቅደም ሻዩ ይቅደም በሚለው ሳይቀር፣ አርባ ዓመት ሙሉ ስትሟገተው ኖራለች። እሷ ስትሄድ ቤቱ ጭር አለ። አራሚውም መጻሕፍቱን በካርቶን ጠቅልሎ ሴት ልጁ ቤት ገባ። ልጁ ደግ ናት፣ እግዜር ይስጣት፤ ግን አባትን ማክበር ማለት ባለው ሁሉ መስማማት ይመስላታል።

«ትናንት ሳስበው ምድር ጠፍጣፋ ናት» አላት አንድ ቀን ቁርስ ላይ፣ ሆን ብሎ።

«እሺ አባባ። ሹራብዎን ይልበሱ፣ ውጭ ይበርዳል።»

ጨርቁን ሊጥል ምንም አልቀረው።

የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ማስታወቂያ ያወጣው በዚያ ሰሞን ነው። የሚያውቁትን ለሌላው በነጻ ማስተማር የሚፈልጉ ጡረተኞች ይመዝገቡ ይላል። አራሚው በደንብ የሚያውቀው ሁለት ነገር ነበር። አንዱ ማረም ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም መማር አይፈልግም፣ ሰው ስህተቱን ይወዳላ። ሌላው የገዛ ወገኖቹ የአይሁድ ታሪክ ነው፤ አባቱ በልጅነቱ ቁጭ አድርጎ ያስጠናው፣ ቀሪውን ራሱ ዕድሜ ልኩን ሲያነብ የኖረው። ይኼኛውን አስመዘገበ።

«ሃይማኖተኛ ነዎት?» አለችው መዝጋቢዋ፣ ቅጹ ላይ የሚሞላ ነገር እንዳለ ሁሉ።

«እኔና እግዜር ከተኮራረፍን ቆይተናል» አላት፤ «ግን ቤተ ዘመዱን አንድ በአንድ አውቃለሁ።»

በሳምንቱ በሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈ። «የአይሁድ ታሪክና አስተሳሰብ፣ ለማንኛውም ሰው፣ ማክሰኞ ከቀኑ በአሥር ሰዓት፣ ምድር ቤት» ይላል። ከሥሩ የእሱ ስም፣ ከስሙ ፊት ደግሞ «መምህር»። ሠላሳ አንድ ዓመት የሌላውን ስም ፊደል ሲያስተካክል ኖሮ የራሱ አንድም ቀን ያልታተመለት ሰው ምን ይሁን? መንገደኛ መስሎ አራት ጊዜ በደጁ ተመላለሰ። በአምስተኛው ዘበኛው፣ «አባት፣ የጠፋብዎት ነገር አለ?» አለው።

ክፍሉን አይቶ ግን ኩራቱ ትንሽ በረደ። በውሃ መሳቢያ ሞተሩና በድሮ ጋዜጣ መጋዘን መካከል የተሸጎጠ ክፍል ነው። ሞተሩ በየሃያ ደቂቃው እያጓራ ይነሣል። መስኮቱ ጣሪያው ሥር ስለሆነ ከመንገደኛው የሚታየው ጫማው ብቻ ነው። ወንበሮቹ የፕላስቲክ ናቸው፣ አንዱ ላይ ወፍራም ሰው መቀመጥ የለበትም፤ እሱም ኋላ ከተማሪዎቹ አንዱ ለሆነው ሥጋ ሻጭ ሁልጊዜ ይደርሰዋል።

አሥራ ሁለት ሰው ተመዘገበ። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነበረ፣ ከአራሚው በአራት ዓመት የሚበልጥ፣ ድምፁ አሁንም ኋላ ወንበር ድረስ የሚሰማ። ዳቦ ቤት ያላቸው ባልና ሚስት ነበሩ። ሥጋ ሻጩ አለ፣ ፀጉር አስተካካይ አለ፣ ሌሎችም አሉ። ባለሹራቧ የምትባለው ባልቴት ደግሞ የመጣችው የሹራብ ሥራ ትምህርት መስሏት ነው፤ እሱ ለካ ፎቅ ላይ ተዛውሮ ኖሯል። መሳሳቷን ስታውቅ ግን ታሪኩ ሞቆ ነበር፤ ሕዝቡ ከአንድ አገር ተባርሮ ዕቃውን ተሸክሞ ወደ ሌላው እየገባ። «የት እንደሚደርሱ ሳላይማ ንቅንቅ አልልም» አለችና ክሯን አውጥታ ተቀመጠች። ይኸው እስከ ዛሬ አልደረሱም፣ እሷም አልተነሣችም።

የመጀመሪያው ቀን ሲበዛ ያስጠላ ነበር። አራሚው ሁለት ሺህ ዓመት በአንድ ሰዓት ተኩል አስተማረ፤ እነሱም አንገታቸውን ደፍተው ጻፉ፣ በየመሐሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድም «ለምን?» ያለ የለም። ልጁን በአሥራ ሁለት ያባዙለት መሰለውና ቤቱ ሲገባ እራቱን አልበላም።

በሁለተኛው ማክሰኞ አንድ ገጽ አባዝቶ ይዞ መጣ። መሐሉ ላይ አጭር የጥንት ሕግ አለ፤ ዙሪያውን ከየዘመኑና ከየአገሩ የመጡ ሊቃውንት ከብበውት ይጨቃጨቃሉ። አንዱ ከሞተ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ሌላው ተነሥቶ «ተሳስተሃል» ይለዋል፤ ለሟቹ ደግሞ ጠበቃ የሚቆምለት አያጣም። ህዳጉ ከጽሑፉ የሚበልጥበት ገጽ አራሚው ሌላ የት ያገኛል?

«እነዚህ ሰዎች የተሸነፈውንም ሐሳብ አይጥሉም» አላቸው። «ከአሸናፊው እኩል ይጽፉታል። እንዲያውም ሁለት ትልልቅ ትምህርት ቤቶች ሲከራከሩ፣ አንዱ ያሸነፈው የሌላውን ቃል ከራሱ አስቀድሞ ስለሚናገር ነው ይባላል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ትቀመጣላችሁ፤ ሁላችሁም የማታምኑበትን ወገን ይዛችሁ ትሟገታላችሁ። ዝም ያለ ይወጣል።»

ሞተሩ ይነሣ አይነሣ ከዚያ ወዲህ የሰማው የለም። ፎቅ ላይ የሚያነቡ ሰዎች ወለሉን በእግራቸው ይደበድቡ ጀመር። ሹፌሩ ጠረጴዛ ይመታል፣ ባለሹራቧ በመርፌዋ ወደ ሰው ዓይን ትጠቁማለች፣ ፀጉር አስተካካዩ ደንበኞቹን ግማሽ ላጭቶ ጥሎ ይመጣል ተብሎ ታማ። አራሚው መሐላቸው ቆሞ የሚሰማውን ማመን አቃተው። ተደስቶ ነበር፣ ሌላ ቃል የለውም። «መምህር፣ እዚህ ላይስ ፈጽሞ አልተዋጠልኝም» ሲሉት ሙሽራ የሆነ ያህል ፊቱ ይበራል።

ታዲያ በአንዱ ማክሰኞ ስለ እናቱ አወራላቸው። እናቱ ሰው በቁጥር አትጠራም ነበር። ጥንት አንድ ንጉሥ ሕዝቡን ቆጥሮ ቸነፈር መጣ ተብሏልና፣ ሰባት ልጆቿን ማታ ስታስገባ «አንድ አይደለህም፣ ሁለት አይደለህም» እያለች ነው። አራሚው ይኼን የተናገረው ለሳቅ ነው፤ እሱ ራሱ በዚህ ዓይነት ነገር አያምንም። ክፍሉም ሳቀ። ሹፌሩ ግን አልሳቀም። የየሳምንቱን መቆጣጠሪያ መዝገብ የሚሞላው እሱ ነበርና፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ «የተገኘ ሰው ብዛት» የሚለውን ሣጥን ባዶውን ይተወው ጀመር። ለማንም አልተናገረም።

አራት ወር እንዲህ ሄደ። ከዚያ ከበላይ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣ። «በምድር ቤት የሚሰጠው ትምህርት ላለፉት አራት ወራት ተሳታፊ ያልነበረው መሆኑ ከመዝገቡ ስለተረጋገጠ፣ ክፍሉ ለሌላ አገልግሎት እንዲሰጥ ተወስኗል።»

አራሚው ሦስት ጊዜ አነበበው። አንድም የፊደል ስህተት የለበትም፤ ይኼ ይበልጥ አናደደው። ማክሰኞ ክፍል ይዞት ገባ።

«ተሳታፊ ያልነበረው? እናንተ ማን ናችሁ ታዲያ፣ የሙት መንፈስ?»

ሹፌሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «መምህር፣ ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን አይቀርም። ሣጥኗን ባዶ ነው የተውኳት።»

«ለምን በሞቴ?»

«እናትዎ አይቆጠርም ብለው የለ?»

«እናቴ ድመት መንገድ ካቋረጠባትም ገበያ አትሄድም ነበር! ለቀልድ ነው የነገርኳችሁ!»

«እኔ እንደ ቀልድ አልሰማሁትም» አለ ሹፌሩ፣ ደም ሥሩ ተገታትሮ። «ሠላሳ ዓመት ሰው ስቆጥር ኖሬአለሁ። ሃምሳ ሁለት ተቀምጠው፣ ሠላሳ ቆመው። አንድ ቀን አንዷ ተሳፋሪዬ ወንበሯ ላይ እንዳለች ሞተች፤ እኔ መጨረሻ ፌርማታ እስክደርስ ቁጥሩ ትክክል ስለነበረ ምንም አላወቅኩም። እናትዎ የገባቸው ነገር አለ።»

አራሚው እስከ ዛሬ ባስተማረው ሁሉ፣ እሱ ያላመነበትን ሌላው ከልቡ ይይዘዋል ብሎ አስቦ አያውቅም።

በማግስቱ ጽሕፈት ቤቱ ሄዶ ተቆጣጣሪዋን አገኘ። ተቆጣጣሪዋ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ደንብ የምትወድ ሰው ናት እንጂ። «የፊታችን ማክሰኞ ራሴ መጥቼ እቆጥራለሁ» አለችው። «አሥር ተሳታፊ ካለ ይቀጥላል። ከአሥር ካነሰ፣ አባቴ፣ ምንም ላደርግልዎ አልችልም።»

አራሚው ያን ሌሊት እስኪነጋ እንቅልፍ አልወሰደውም። ክፍሉ ከተዘጋ የሚቀረው ቁርስ ነው። ቁርስ፣ ሹራብ፣ «እሺ አባባ»፣ ከዚያ ደግሞ ቁርስ። ፈራ። በዚህ ዕድሜው ልጅ ሆኖ ጨለማ የፈራውን ያህል ፈራ።

ማክሰኞ ደረሰ። ክፍሉን ሲያይ ዘጠኝ ሰው ነው። አንዷ ጉንፋን ይዟት ቀርታለች። የዳቦ ቤቶቹ ባልና ሚስትስ?

«ተጣልተዋል» አለች ባለሹራቧ፣ ከክሯ ቀና ሳትል። «በእርስዎ ውሃ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ያለፈው ሳምንት ክርክር በረሃ የሚያቋርጡ ሁለት ሰዎች ነበር። አንዱ አንድ ኮዳ ውሃ ይዟል፤ ከተካፈሉት ሁለቱም ይሞታሉ፣ ባለቤቱ ብቻውን ከጠጣው እሱ ይተርፋል። ሊቃውንቱ ራሳቸው በዚህ ሁለት ቦታ ተከፍለዋል። ለባልየው የደረሰው «ባለቤቱ ይጠጣ» የሚለው ወገን ነው፤ እሱም ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው፣ ጥሩ አድርጎ ተከራከረ። ሚስትየው ከዚያን ቀን ጀምሮ አላናገረችውም። «ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰውን በውሃ ጥም ከሚገድል ጋር ነው የኖርኩት» ብላ እህቷ ቤት ሄዳለች። አሁን እሱ ካለ እሷ አትመጣም፣ እሷ ካለች እሱ አይመጣም፤ ሁለቱም ሌላኛው ይመጣል ብለው ቀሩ።

«ወይ ጉዴ!» አለ አራሚው፣ ጭንቅላቱን ይዞ።

በዚህ መሐል ተቆጣጣሪዋ ገባች። መዝገቧን ከፈተች፣ እስክሪብቶዋን አወጣች፣ ጣቷን ወደ ፊት ወንበር ዘረጋች። «አንድ…»

ሹፌሩ ብድግ አለ። «ይቅርታ እመቤት። እኛ አንቆጠርም።»

«እንዴት?»

«ስም ይጥሩ፣ አቤት እንላለን። ቁጥር ግን ለከብትና ለጆንያ ነው።»

«የእኔ ቅጽ ስም አይቀበልም፣ ቁጥር ነው የሚለው።»

«ቁጠሪን!» ብሎ ጮኸ አራሚው፣ ማክበሩንም ረስቶ። ከዚያ ተማሪዎቹን ሊለማመጥ ዞረ። «እባካችሁ! ጉንፋን እንኳ አይዛችሁም! ንጉሡ ሕዝቡን የቆጠረው ለጦርነት ነው፣ ይቺ ለወንበር ነው የምትቆጥረው!»

«ንጉሡም ለደግ ነው ብሎ ነበር» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«እኔ የተቆጠርኩ ዕለት ወንበሩ ይሰበራል» አለ ሥጋ ሻጩ፣ ለምን እንደሆነ ሳይታወቅ።

አንዱ ሲጨርስ ሌላው ተቀበለው። ራሱ ባስተማራቸው መንገድ፣ መጀመሪያ የእሱን ሐሳብ አሳምረው እየተናገሩ፣ ከዚያ ሰባብረው እየጣሉ። አራሚው ላብ አጠመቀው። ሊያንቃቸው ፈለገ፤ ሊስማቸውም ፈለገ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተሸነፈ፣ ለዚያውም በገዛ ክፍሉ።

«እንግዲያው መሄዴ ነው» አለች ተቆጣጣሪዋ።

«ቆይ የኔ እመቤት» አለች ባለሹራቧ። «መምህር፣ በሙሴ ጊዜ ሕዝቡን መቁጠር የግድ ሲሆን እያንዳንዱ ግማሽ ሰቅል ብር ይስጥና ሰቅሉ ይቆጠር ነው የተባለው አላሉንም? ሰቅል ባይኖረን ጫማ አለን።» አለችና የግራ ጫማዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ሁሉም ተከተሉ። ጫማው ተደረደረ፤ ክፍሉ መሽተት ጀመረ። የሹፌሩ ካልሲ ቀዳዳ ኖሮት አውራ ጣቱ ብቅ ብላ ታዳምጣለች። ተቆጣጣሪዋ ሳቋን ውጣ በእስክሪብቶዋ ጫፍ፣ ሳትነካ፣ ቆጠረች።

«ዘጠኝ።»

አራሚው ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን ፈታና የራሱን ጫማ ከዳር አኖረ።

«እርስዎማ መምህር ነዎት። መምህር አይቆጠርም።»

«እኔ ላስተምር፣ እሱ ይማር!» አለ ሹፌሩ።

«ያን ጊዜ የእርስዎን ጫማ ከጠረጴዛው ያንሡልኛ። ያው ዘጠኝ ነው።»

 ሞተሩ ተነሥቶ አጓርቶ ተኛ። ተቆጣጣሪዋ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን መነጽር አድርጋ ደንቡን ገለጠች፤ ለምን እንደገለጠች እንጃ፣ ምናልባት የጫማው ነገር አሳዝኗት ይሆናል። «የንባብ ቡድን የሚባል አለ» አለች ቀስ ብላ። «እሱም አሥር ሰው ይጠይቃል። ግን አስተማሪ የለውም፣ ሁሉም ተሳታፊ ነው። በር ላይ የሚለጠፈው ወረቀት የማንንም ስም አይዝም።»

ሁሉም ወደ አራሚው አዩ። ስንት ማክሰኞ ሲገባ ያንን ወረቀት አንብቦ እንደሚገባ፣ ሲወጣም አንብቦ እንደሚወጣ የማያውቅ አልነበረም። ያላዩት መስሎት እንጂ ሁሉም አይተውታል።

«ለጸሎት አሥር ሰው ሲያስፈልግ፣ አሥረኛው ሊቅ ይሁን ያልተማረ አይጠየቅም ብለው ነግረውናል» አለች ባለሹራቧ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኛም አንጠይቅዎትም።»

አራሚው ከተቆጣጣሪዋ የትምህርቱን የመጀመሪያ የምዝገባ ቅጽ ተቀበለ። ከደረት ኪሱ ቀዩን እስክሪብቶ አወጣ። «መምህር» የሚለው ላይ ጠበቅ አድርጎ አሰመረና፣ ህዳጉ ላይ ዕድሜ ልኩን «ይውጣ» ለማለት ሲያደርገው የኖረውን ምልክት አደረገ።  ከዚያ «ተሳታፊዎች» ከሚለው ሥር፣ ከሥጋ ሻጩ ቀጥሎ ስሙን ጻፈ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ አራሚው አረፈደ። የሚያዘጋጀው ትምህርት ስላልነበረው ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት፣ ሸሚዙን ሁለቴ ቀይሮ፣ በደረጃው ሲወርድ አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል። ገና ከላይ ሆኖ ጩኸቱን ሰማ። ሳይጠብቁት ጀምረዋል። ቅር አለው፤ ውሸት ምን ያደርጋል፣ በጣም ቅር አለው።

ገባ። ማንም አልተነሣም። ዳቦ ጋጋሪውና ሚስቱ መጥተዋል፤ እሷ ጠቁማበት እየተናገረች፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ እየሰማ። ሹፌሩ ደግሞ አንዱን ስደት በመቶ ዓመት አሳስቶ አንድ ትልቅ ሐሳብ ቆሞ እየደረደረበት ነው። አራሚው ገና በሩ ላይ እንዳለ አላስቻለውም።

«እሱማ አይደለም! ያን ጊዜ ገና…»

«አንተ ሰውዬ!» አለ ሹፌሩ፣ መዳፉን አንሥቶ። «አርፍደህ መጥተህ ደግሞ ታቋርጠኛለህ? ቁጭ በልና ተራህ ሲደርስ ተሳስተሃል በለኝ፤ ያን ጊዜ አሳይሃለሁ!»

አራሚውን ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አንተ ብሎ የተቆጣው ሰው አልነበረም።  ባለሹራቧ ክሯን ሰብስባ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችለት፤ ሄዶ ተቀመጠና እጁን አወጣ።